ሲሚንቶ የጫኑ ጀልባዎች

ጥር 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓርብ፣ ገና ሳይነጋ ከባሕር ዳር የተነሡት ሁለት የሞተር ጀልባዎች 15 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ሦስት ጆንያ አልባሳት፣ አንድ ትልቅ ባነርና 23 የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ጭነው ነበር። የጉዞው ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። የምንሄደው በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ከዘጌ አልፋ ወደምትገኝ፣ መኪና ወደማይደርስባት አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስሟን የማልጠራው ካህናቱና ምእመናኑ በእኛ ስሕተት የሰው መነጋገሪያ እንዲሆኑ ስለማልፈልግ ነው። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ባለ ታንኳውም ባለ ሞተሩም ጣናን የሚያቋርጠው በጠዋት ነውና እኛም ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የደንገል ታንኳዎች ከተደረደሩበት ዳር ደረስን፤ የአጥቢያው ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ሲሚንቶውን በትከሻቸው ተቀበሉን።

ጉዞው የተጸነሰው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። ከእኛ አንዱ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለዘመድ ልቅሶ ወደ አካባቢው ሄዶ ሳለ ቤተ ክርስቲያኗን ፎቶ አንሥቷት ነበር፤ ምርጊቱ ተልጧል፣ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ወጥቷል፣ ዝናብ ያጠበው ጭቃ ከግድግዳው ሥር ተከምሯል። ፎቶው በእሑድ ጉባኤ ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ እናቶች አለቀሱ፤ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለሲሚንቶው፣ ለጀልባውና ለግንበኛው የሚበቃ ገንዘብ ተዋጣ። የጭቃ ግድግዳ ክረምቱን ከርሞ መስከረም ላይ ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚሆን፣ ጤፉ ተወቅቶ አዲስ ጭድ ሲገኝ ደግሞ ከገና በኋላ ተመርጎ ለጥር 21 ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ እንደሚደርስ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። ለአጥቢያው የሄደውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ቅጂው ዛሬም እጄ ላይ አለ። «ቤተ ክርስቲያኗን ለማደስ ስለምንመጣ አስፈላጊውን ዝግጅት እንድታደርጉ» ይላል። ከሰላምታው እስከ ማኅተሙ አንድ ጥያቄ የለበትም።

ቤተ ክርስቲያኗ እንደ አካባቢው ልማድ ክብ ናት። የውጭው ግድግዳ ቅኔ ማኅሌቱን ይከባል፤ ከዚያ ቅድስቱ፣ በመካከል ደግሞ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ይገኛል፤ የመቅደሱ ግድግዳ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ሥዕላት ተሸፍኗል። መሪጌታው ገና ዕቃችንን ሳናወርድ ወደ እኛ መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ሥራችሁን ከውጭ ብቻ አድርጉልን፤ ወደ ውስጥ አትዝለቁብን» አሉን። ይህችን አንዲት ቃል ስላከበርን እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ከአጸዱ ጥግ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አጠገቡም አዲስ የጤፍ ጭድ ተከምሮ ነበር። የዓርብ ምሳችንን የበላነው በዚያ ጭድ ላይ ተቀምጠን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ30 የማያንሱ ሴቶች እንስራና ጀሪካን አዝለው ከሐይቁ ውኃ ይዘው መጡ። ግንበኛችን ለሲሚንቶው የሚበቃውን ከቀነሰ በኋላ፣ «እናቶቼ፣ ዛሬስ እረፉ፤ የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን» አላቸው። እነርሱም የያዙትን አስቀምጠው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ እስከ ቀትር ሲያዩን ቆዩ፤ ከዚያም አንድ ሁለት እያሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። ድካም ያሳረፍናቸው መስሎን ደስ አለን። አመሻሽ ላይ ግድግዳው ግራጫና ልሙጥ ሆኖ ተጠናቀቀ፤ እሑድ ማለዳ ነፋሱ ሳይቀድመን ለመድረስ በሚል በ12 ሰዓት ባነሩን ዘርግተን፣ አልባሳቱን ለሕፃናቱ ስናድል ፎቶ ተነሥተን፣ ከአጥቢያው ካህን ከአባ ቡራኬ ተቀብለን ተመለስን።

ስልኩ የተደወለው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። የአጥቢያው ሊቀመንበር ከሰላምታ በኋላ ረጅም ጊዜ ስለ አዝመራው አወሩኝ፤ በመጨረሻም እንደ ዋዛ አድርገው፣ «ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል፤ ቢቻላችሁ አንድ ቀን መጥታችሁ ብታዩት» አሉኝ። አራት ሆነን ሄድን። ልስኑ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል፤ በምሥራቅ በኩል አንድ ክንድ የሚያህለው ገጽ ወደ ውጭ ቆልምሟል። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ጠርዙን ይዤ ብስበው እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ዱቄት ሆኖ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ ማገሩን ስነካው ጣቴ ውኃ እንደ ጠጣ ዳቦ ውስጥ ሰመጠ፤ ምስጡም ከሥር እስከ ወገብ ድረስ መንገዱን ሠርቷል።

ኋላ ከባለሙያ እንደተረዳሁት ነገሩ ምሥጢር የለውም። ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው የጠጣውን ይመልሳል፤ ከእንጨቱም ጋር አብሮ ያብጣል፣ አብሮ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ ግድግዳው ሲላወስ እርሱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃና ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት መውጫ አጥቶ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ እንጨቱም ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። የጭቃ ምርጊት ጉዳቱን አይደብቅም፤ በየመስከረሙ የትኛው ማገር እንደላላ፣ ምስጥ የት እንደገባ ያሳያል፤ በየጥሩም ይጠገናል። እኛ በፎቶው ላይ አይተን ያለቀስንለት መላጣ ግድግዳ ለባለቤቶቹ ዓመታዊ ምርመራቸው ነበር።

አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ከጎኔ ቆመው የተነሣውን ልስን ያያሉ። ማንንም ሳይወቅሱ፣ «እኔ ለዚህች ግድግዳ ውኃ ማመላለስ የጀመርሁት ሳላገባ ነው፤ ልጅ ስጠኝ ብዬ የተሳልሁትም በዚህችው ውኃ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥር ወር የምሠራው አጥቼ ቤቴ ተቀመጥሁ» አሉኝ። ጭቃ የሚረግጡት ወንዶች፣ ውኃና አፈር የሚያመላልሱት ሴቶች፣ ጭዱን የሚያዋጣው ጤፍ የዘራ ሁሉ ነው፤ ድሃውም ሀብታሙም በጉልበቱ እኩል የሚሰጥበት ሥራ ያ ብቻ ነበር። ከግድግዳው መበስበስ ይልቅ የእኒህ እናት ሁለት ባዶ ጥሮች አሁንም ይከብዱኛል፤ እንጨት ይተካል።

ያን ምሽት አባ ቤት አደርን። ቂጣና ጠላ ቀርቦልን ስንጫወት ስለ አገልግሎቱ ጠየቅናቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅነው ጥያቄ ያ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል። አባ እንደነገሩን በአጥቢያው የቀሩት ሁለት ካህናትና ሁለት ዲያቆናት ነበሩ፤ ሦስተኛው ዲያቆን በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለትምህርት ወደ ከተማ ከሄደ ወዲህ፣ ከጎረቤት አጥቢያ ለታላላቅ በዓላት በልመና ከሚመጣ ዲያቆን በቀር፣ በእሑድ ኪዳን አድርሰው ይመለሳሉ እንጂ አይቀድሱም። የ40 እና የ80 ቀን ሕፃናት ክርስትና ሲነሡ ቅዱስ ቁርባን መቀበል ስላለባቸው እናቶች ሕፃናቱን አዝለው ግማሽ ቀን ወደሚያስኬድ ሌላ አጥቢያ ይሄዳሉ።

ይህን ከተናገሩ በኋላ አባ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ለመሆኑ ያን ጊዜ ከመጡት ልጆች መካከል ዲያቆን ነበረ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሦስት ነበሩ፣ አባ» አልሁ።

ከአራታችን አንዱ ከእነዚያ ሦስት ዲያቆናት አንዱ ነበር። የያዘውን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ያን ቅዳሜ ሦስቱም ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ ሲያቦኩ ውለዋል፤ እሑድ ማለዳ ከ23ታችን አንዳችንም «ዛሬ ቅዳሴ አለ ወይ?» ሳንል ወደ ጀልባችን ስንወርድ፣ ሦስት ወር ቅዳሴ የተቋረጠባት ቤተ ክርስቲያን ከነዲያቆናታችን ከኋላችን ቆማ ነበር።

«ምነው አባ፣ ያኔ ባይነግሩን?» አልኋቸው።

«እንግዳ ሆናችሁ መጣችሁ፤ ደክማችኋል፤ እንግዳ ይታዘዛል እንዴ፣ ልጄ? ደግሞም ቅዳሜ እራታችሁን ስትበሉ አምሽታችኋል» አሉኝ። ለቅዳሴ የሚገባ አገልጋይ 18 ሰዓት መጾም እንዳለበት እኛም እናውቃለን። ይህ ሰው ሌሊቱን ሰዓት እየቆጠረ ተስፋ ሲያደርግና ተስፋውን ሲተው አድሮ ኖሯል፤ ጠዋትም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መስቀሉን አሳልሞ መርቆ ሸኝቶናል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የጣናን ዳርቻ ታሪክ የማነብበው በሌላ ዓይን ነው። ይህ ሐይቅ ከሩቅ የመጡ የሃይማኖት ሰዎችን መቀበል አዲሱ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጣና መጥተው ገዳማትን ከመሠረቱት አባቶች መካከል የዘጌው አቡነ በትረ ማርያም አንዱ ናቸው፤ በትውፊቱ እንደሚነገረው በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የቀረው፣ ሕዝቡም በቡናና በጌሾ መኖር የለመደው በእርሳቸው ቃል ኪዳን ነው። እኒህ አባት ከደኑ ጋር፣ ከሰው ጋር ለሚመጣው ዘመን ሁሉ ተዋውለው ነው የተቀመጡት። በ1603 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ደግሞ ዓላማው ቤተ ክርስቲያናችንን ወደ ሮም ማስገባት ቢሆንም ቋንቋችንን ተምሮ፣ ታግሦ ኖረ። በ1622 ከሞተ በኋላ፣ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ አዘዘ፤ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ አካባቢ፣ ኢየሱሳውያኑ በድንጋይና በኖራ ያቆሙት ግንብ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ሣር ክዳኗ ደብረ ሲና ማርያም ግን እዚያው ጎርጎራ ውስጥ አለች፤ ሣሯ ሲያረጅ እየተለወጠ እስከ ዛሬ ይገለገልባታል። ሃይማኖታችን ከአባ ሃይማኖት ጋር አንድ ስለሆነ ራሳችንን ከሜንዴዝ ጋር ማነጻጸር ያለ መጠን መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ደብዳቤዬን ባነበብሁት ቁጥር፣ ወደ አንድ ጥንታዊ ቤት ሲገባ የጎደለውን ከባለቤቱ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ድምፁ የእኔ ነው።

ከተማ ውስጥ ያለን ማኅበራት ስለ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የሚታይ ነገር ነው፤ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ልስን። የሚታይ ነገር ፎቶ ይወጣዋል፤ ለጋሹም ገንዘቡ የት እንደገባ ለማየት መብት አለው፤ ይህን አልንቅም። ግን የገጠሯ ቤተ ክርስቲያን የምትዘጋው ግድግዳዋ ስለጎደፈ አይደለም። ዘቢብ ሲያልቅ ትዘጋለች፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ የሚዘጋጅ ነውና፣ በአካባቢው ወይን የማይበቅልበት አጥቢያ ሁሉ የገበያ ጥገኛ ነው። ዕጣንና ጧፍ ሲያልቅ ትዘጋለች። ዲያቆን ሲጠፋ ትዘጋለች፤ ዲያቆን የሚጠፋው ደግሞ የኔታ የሚበሉት አጥተው ተማሪዎቻቸውን ሲበትኑ ነው። ለዚያች አጥቢያ በጆንያ ያደልነው ልብስ መካከል የአብነት ተማሪዎቹ በብርድ ሌሊት ቀለም ሲቆጥሩ የሚለብሱት አንድ ጋቢ እንኳን አልነበረም፤ የከተማ ቲሸርት ነበር፤ ከደበሎ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አባን የሚያስፈልጋቸውን እንዲነግሩን በለመንናቸው ጊዜ መጀመሪያ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» ከማለት በቀር አልተናገሩም። በሦስተኛው ልመናችን ቆጠሩልን፤ ለዓመት የሚሆን ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ለየኔታ በየሩብ ዓመቱ እህል። በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ የሄደው ልጅ ባሕር ዳር ነው ይላሉ፤ ብታገኙት» አሉን።

አገኘነው። ከአጥቢያችን በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ በማይሞላ ሰፈር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማር ነበር። ክህነቱን አልተወም፤ አገልግሎቱንም አልጠላም። የጀልባ መሳፈሪያ ብቻ አልነበረውም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ማለዳ በገበያ ጀልባ ሄዶ ሰኞ የሚመለስበትን ገንዘብ፣ የሚቀርበትንም ትምህርት ጓደኞቹ እንዲያካክሱለት የሚሆን ጥቂት ድጋፍ ስናሰላ፣ ለግንበኛው ብቻ የከፈልነው ሒሳብ ይህን ልጅ ለብዙ ወራት ያመላልሰው ነበር። ይህን ስሌት በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ ጸሐፊ የሚሆነው ሰው እንዲያነብበው እፈልጋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር የመጀመሪያ ሳምንት ላይ የሄድነው 12 ሰዎች ነን። ባነር አልያዝንም። መዶሻ፣ መሮ፣ ከተማ ያለው እንጨት ቤት ያዘጋጀልን ማገርና ሁለት ምሰሶ፣ ከዘቢቡና ከዕጣኑ ጋር ያዝን። ዓርብ ሙሉ ቀን የራሳችንን ልስን ከግድግዳው ስናላቅቅ ዋልን፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲወድቅ የምእመናኑ ልጆች ለቅመው ወደ አጸዱ መውጫ፣ ጭቃ ወደሚይዘው መንገድ ይወስዱትና ይደለድሉት ነበር። የበሰበሰውን ማገር የአጥቢያው አናጺ መረጠ፤ እኛ አቀባይ ነበርን።

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ መጡ። እንስራውን ጀርባቸው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብለው ወደ ጉድጓዱ ሲያፈስሱት፣ አፈሩ እየጠቆረ፣ ጭዱ ላዩ ላይ እየተንሳፈፈ፣ የሐይቅ ሽታ አጸዱን ሞላው። ዲያቆናቱ ግን ከእኛ ጋር አልነበሩም፤ ከቀትር ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ከአባ ጋር ቤተ ልሔሙን ሲያዘጋጁ ዋሉ። እሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል ምእመናኑ ከየጎጆው ጧፍ እያበሩ በጨለማው ሲመጡ አየሁ፤ ሕፃናት ያዘሉ እናቶች ከፊት ነበሩ። ከከተማ የተመለሰው ልጅ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ አባ ጥቂት ጠብቀውት ቀጠሉ። ስለዚያ ቅዳሴ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ምርጊቱ ለንግሡ እንዲደርስ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሥራችንን አስፈቅደን ቀረን፤ ጭቃው ከጭዱ ጋር መብላላት ስላለበት ቀናት ይወስዳል። ረቡዕ ዕለት ሱሪዬን ሰብስቤ ጉድጓዱ ውስጥ ከአጥቢያው ወንዶች ጋር ስረግጥ ዋልሁና፣ ጭቃው የደረሰ መስሎኝ አንድ እፍኝ ዘግኜ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። ውኃ የሚያመላልሱት እናት እንስራቸውን አውርደው ቀረቡ፤ የለጠፍሁትን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ፈተሹት፤ በመዳፋቸውም ጠርገው አነሡትና ወደ ጉድጓዱ መለሱት።

«ገና ነው፣ ልጄ፤ አልቦካም» አሉኝ። ተመልሼ ገብቼ መርገጤን ቀጠልሁ።